ለተረት ደግሞ ምን ዲግሪ ያስፈልገዋል?

በእኛ አገር አንድ ሰው ፍሬ የሌለው ነገር ሲያወራ «ተረት ተረቱን ተወውና ቁም ነገር አምጣ» ይባላል። እንግዲህ በውጭ አገር ተረት መንገርን በዩኒቨርሲቲ ተምረው የማስተርስ ዲግሪ የሚቀበሉ ሰዎች አሉ የሚል ወሬ ወደ መኝታ አዳራሾቻችን በገባ ጊዜ የተከተለው ሳቅ ብዙም አላስገረመንም። «እንዲህ ከሆነማ ሴት አያቴ ፕሮፌሰር ነበሩ በሉኛ!» ያለ አለ። «ፈተናው እንዴት ነው የሚታረመው? ባስተኙት ሕፃን ቁጥር ነው?» ያለም አለ። እኛም አብረን ስቀናል። ነገር ግን ሳቁ ካለቀ በኋላ የቀረ ጥያቄ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ መጽሐፍ ለሁሉም በማይዳረስበት ክፍል፣ ከሃምሳና ከስልሳ ሕፃናት ፊት የምንቆም ሰዎች ነን። ለመሆኑ ከአያት በነፃ የሚገኘውን ነገር ሁለት ዓመት የተማረ ሰው ምን ያገኛል? እኛስ ከዚያ የምንወስደው አለ ወይ? የዝግጅት ክፍላችን ያሰባሰበውን እነሆ። (የውጭ አገሩ ታሪክ ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ «ዓ.ም.» ያልንበት ግን የእኛው ነው።)

ነገሩ የተጀመረው በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በመኪና ውስጥ ነው። በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት ጆንስቦሮ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ በ1779 የተቆረቆረች፣ በግዛቲቱ ካሉት ከተሞች ሁሉ በዕድሜ አንጋፋዋ ናት። ጂሚ ኒል ስሚዝ የሚባሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጋዜጠኝነት መምህር ተማሪዎቻቸውን አሳፍረው ሲጓዙ፣ በመኪናው ራዲዮ ጄሪ ክላወር የተባለ የሚሲሲፒ ሰው ስለ አደን ሲያወጋ ይሰማሉ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። መምህሩ ታዲያ እንዲህ የሚያወጋ ሰው ወደ እኛ ከተማ ቢመጣስ የሚል ሐሳብ ያዙ። በዚሁ መሠረት በኦክቶበር 1973 የመጀመሪያው የተረት በዓል ተደረገ። መድረኩ ምን ነበር ቢባል፣ በፍርድ ቤቱ አጠገብ የቆመ አሮጌ የገበሬ ጋሪ! ተራኪዎች በላዩ እየወጡ ተራ በተራ አወጉ። ያ በዓል በየዓመቱ በኦክቶበር መጀመሪያ ሲከበር ቆይቶ፣ ከጊዜ በኋላ ትልልቅ ድንኳን እየተተከለ በ10 ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሚጎርፍበት ሆነ።

ከጆንስቦሮ ጥቂት ራቅ ብላ ጆንሰን ሲቲ የምትባል ከተማ አለች፤ ኢስት ቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው እዚያ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት ዶክተር ፍሎራ ጆይ የተባሉ መምህርት በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተረት መንገርን በማስተርስ ደረጃ የሚያስተምር ፕሮግራም አቋቋሙ። ልብ በሉ፤ እኒህ ሴት የቴአትር ሰው አልነበሩም። የንባብ ማስተማር ዘዴ መምህርት ነበሩ። ዲግሪውም በመጀመሪያ የንባብ ትምህርት ዲግሪ ሆኖ፣ ተረት መንገር ልዩ ዘርፉ ነበር። ወደ ኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል የተዛወረው ኋላ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሰዎቹ በሳቃችን ላይ ሊስቁብን ይችላሉ፤ ይህ ዲግሪ የተወለደው እንደ እኛ ባለ ቤት ውስጥ፣ መምህራን በሚሠለጥኑበት ክፍል ነው።

ተረትና ንባብን ምን አገናኛቸው? ሁላችንም ለልምምድ ትምህርት በወጣንበት ጊዜ ያየነው ልጅ አለ፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራ አረፍተ ነገሩን ይጨርስና «ምን አነበብክ?» ሲባል ዝም ይላል። ዐይኑ ሠርቷል፤ ነገር ግን ወሬውን የሚከተል ጆሮ ገና አልተሠራለትም። ረዘም ያለ ነገር ሰምቶ «ከዚያስ?» ማለት ያልለመደ ልጅ፣ በገጽ ላይ ያለውንም ሲያነብ «ከዚያስ?» አይልም። ተረት የሚሰማ ልጅ ግን ጅቡ ወደ አህያይቱ ቤት ሲሄድ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ይገምታል፤ ስሙን የማያውቀውን ዕቃ ከወሬው አካሄድ ይረዳዋል፤ መጀመሪያ የተባለውን እስከ መጨረሻ በልቡ ይዞ ይቆያል። ይህ ሁሉ የንባብ ሥራ ነው፤ ያውም ያለ መጽሐፍ የሚሠራ።

ይህ ሐሳብ ከ1980ዎቹም ቀድሞ የነበረ ነው። ማሪ ሼድሎክ የተባሉት የእንግሊዝ መምህርት ማስተማራቸውን ትተው በየአገሩ እየዞሩ ተረት ሲናገሩና ስለ ተረት ሲያስተምሩ ኖረው፣ በ1915 የአነጋገሩን ጥበብ በመጽሐፍ አወጡ። በኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ኦጋስታ ቤከር የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊት በ1953 የተረት ባለሙያ ተብለው ተሾሙ። ኋላም ከ1980 ጀምሮ በሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በተራኪነት ማዕረግ ተቀምጠው የቤተ መጻሕፍት ተማሪዎችን አሠልጥነዋል። ስለዚህ ዲግሪው ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እዚያ ገብቶ ምን ይማሩታል?

ብዙዎቻችን ተረት በቃል የሚያዘው እንደ ዳዊት ይመስለናል። ቃል ሳይዛነፍ፣ ከመምህር አፍ ተቀብሎ፣ ደግሞ ደጋግሞ። እንዲህ አጥንቶ ክፍል የገባ ሰው ግን አንድ ቃል ሲጠፋበት ሁሉም ይጠፋበታል፤ ፊቱ ይቀላል፤ ልጆቹም ወዲያው ያውቁበታል። በዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት የተገኘው ከአንድ ሥጋ ሻጭ ነው። ሚልማን ፓሪ የተባሉ የሐርቫርድ ምሁር ከ1933 እስከ 1935 በያኔዋ ዩጎዝላቪያ እየተዘዋወሩ የጀግና ግጥም የሚያዜሙ ሰዎችን ድምፅ ቀረጹ። የዜማ መሣሪያቸው ጉስሌ ይባላል፤ አንድ ጅማት ብቻ ያለው፣ በደጋን የሚመታ ነው። ማሲንቆን ለሚያውቅ አንባቢ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያሻንም። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ አቭዶ ሜጄዶቪች ይባላሉ። ሙያቸው ሥጋ መሸጥ ነው፤ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። እኒህ ሰው ከ12 ሺህ በላይ ስንኝ ያለው አንድ ግጥም በቃላቸው አስጻፉ።

እንዴት ቻሉ? ፓሪ በ1935 ስለሞቱ ምላሹን ጽፈው ያወጡት ረዳታቸው የነበሩት አልበርት ሎርድ ናቸው፤ መጽሐፉ በ1960 ታተመ። እነዚህ ዘፋኞች 12 ሺህ ስንኝ ሸምድደው አልያዙም። የያዙት የታሪኩን አጥንትና በየቦታው የሚገቡ የታወቁ አባባሎችን ነው፤ ፈረስ የሚጫንበትን አባባል፣ መልእክተኛ የሚላክበትን፣ ሠርግ የሚደገስበትን። ሥጋውን የሚያለብሱት እዚያው ቆመው፣ የአድማጩን ፊት እያዩ ነው። አድማጭ ሲደሰት ይረዝማል፤ ሲሰለች ያጥራል። እንግዲህ አዝማሪ ቤት ተቀምጦ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሐርቫርድ መሄድ አያስፈልገውም ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። ነገር ግን ሲሠራ ማየትና እንዴት እንደሚሠራ አውቆ ለሌላ ማስተማር ሁለት ነገር ነው። የዲግሪው ተማሪ የሚለማመደው ይህንኑ ነው፤ ተረቱን ወደ አምስት ወይም ስድስት ሥዕል ከፍሎ በልቡ ይይዛል፤ በቃሉ የሚያጠናው መግቢያውን፣ መጨረሻውንና በመካከል ተደጋግሞ የሚመጣውን አባባል ብቻ ነው። ሌላው በየጊዜው አዲስ ነው። ይህን ዘዴ ከእኛ መካከል የሞከሩት አሉ፤ ከሽምደዳ ይልቅ እንደሚቀል ይመሰክራሉ።

አክሴል ኦልሪክ የሚባሉ የዴንማርክ ምሁር ደግሞ በ1909 ባወጡት ጽሑፍ ተረት የራሱ ሕግ እንዳለው አሳይተዋል። በአንድ ጊዜ የሚነጋገሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ነገር የሚደጋገመው ሦስት ጊዜ ነው፤ ታናሹና የተናቀው ያሸንፋል። ሕጉ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ለጀማሪ ግን ድንቅ መያዣ ነው። ሦስቱን ወንድማማቾች የያዘ ሰው ተረቱ ግማሹ ተያዘለት ማለት ነው።

ከዚያ ማነጻጸር አለ። ፊንላንዳዊው አንቲ አርኔ በ1910 የጀመሩትን፣ አሜሪካዊው ስቲት ቶምሰን በ1928ና በ1961 ያስፋፉትን፣ ጀርመናዊው ሃንስ ዮርግ ኡተር በ2004 እንደገና ያሳተሙትን የተረት ማውጫ ተማሪው መፈተሽ ይለምዳል። በዓለም ላይ ተመሳሳይ ተረቶች በቁጥር ተመድበው የተቀመጡበት መዝገብ ነው። ጥቅሙን በአንድ የእኛው ተረት እናሳይ።

ሃሮልድ ኮርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንድ አሽከርና ስለ ጌታው የሚናገር ተረት አለ። ጌትየው ራቁቱን፣ ያለ እሳትና ያለ ልብስ፣ ከብርዳም ተራራ ጫፍ አንድ ሌሊት ላሳለፈ ሰው ቤትና መሬት ከብትም እሰጣለሁ ብሎ ይወራረዳል። አሽከሩ እሺ ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ከሩቅ ኮረብታ ላይ አንድ ሽማግሌ ያነደደለትን እሳት ትክ ብሎ እያየ፣ እንደሞቀው እያሰበ ያነጋል። ጌታው ግን «እሳት አይተሃልና ውሉን አፍርሰሃል» ብሎ ይክደዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። በኋላ አንድ ትልቅ ሰው ድግስ ደግሶ ጌታውንም ዳኛውንም ይጠራል። የወጡ ሽታ ከጓዳ ይመጣል፤ ምግቡ ግን አይቀርብም። እንግዶቹ ሲያጉረመርሙ «ሽታውን አሽትታችሁ የለም እንዴ? እሳት በማየት የሚሞቅ ካለ፣ በማሽተትም ይጠገባል» ይላቸዋል። አሽከሩ መብቱን አገኘ።

ይህንኑ ተረት ቱርኮች ስለ ናስረዲን ሆጃ ይናገሩታል። ሆጃ በብርድ ሌሊት ከቤት ውጪ አድራለሁ ብሎ ከወዳጆቹ ጋር ይወራረዳል፤ ከሩቅ የሻማ ብርሃን አይተሃል ብለው ያሸንፉታል። እሱም ምሳ ጠርቷቸው ድስቱን ከአንዲት ሻማ በላይ ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ሲያስጠብቃቸው ይውላል። አጥንቱ አንድ ነው። ሥጋው ግን የትና የት! የሆጃው በወዳጆች መካከል ያለ ጨዋታ ነው፤ ተስቆ ያልቃል። የእኛው ግን የድሃ ጉልበት፣ የጌታ ክህደትና የተጣመመ ፍርድ ያለበት ነው። ዳኛ የገባው በእኛው ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሳያስቀምጡ ይህን ማየት ይከብዳል፤ ማነጻጸር የሚጠቅመው ለዚህ ነው እንጂ ማን ከማን ሰረቀ ለማለት አይደለም። ለ3ኛ ወይም ለ4ኛ ክፍል ይህን ተረት የሚናገር መምህር ደግሞ ዳኛው ሊፈርድ ሲል ቆም ብሎ «እናንተስ ምን ትፈርዳላችሁ?» ቢል፣ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሲሟገት ያያል። ዝም ያለው የኋላ ወንበር ሳይቀር እጁን ያወጣል።

እስካሁን ስለ አፍ ተናገርን። በእኛ አስተያየት ግን የዚህ ትምህርት ትልቁ ክፍል የጆሮው ነው፤ ማለትም ከባለቤቱ ሄዶ መስማት። በዌልስ የሚገኘው የግላሞርጋን ዩኒቨርሲቲ (በ2013 ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል) በ2005 የተረት ማዕከል ሲያቋቁም የሰየመው በጆርጅ ኢዋርት ኢቫንስ ስም ነው። ኢቫንስ የመድረክ ተራኪ አልነበሩም። መምህር የነበሩ ሰው ናቸው፤ በ1948 ባለቤታቸው ወደምታስተምርበት ብላክስሆል ወደሚባል የእንግሊዝ ገጠር ሄደው፣ ከሽማግሌ ጎረቤቶቻቸው አጠገብ ቁጭ እያሉ ስለ አጨዳ፣ ስለ እረኝነት፣ ስለ ዳቦ ጋገራ የሚነግሯቸውን ሰሙ። የሰሙትን በ1956 መጽሐፍ አደረጉት። ማዕከሉ በአንድ አድማጭ ስም መጠራቱ ደስ ያሰኘናል።

መስማት ግን ቀላል አይደለም። አንድ ተማሪ ስልኩን ደቅኖ «እማማ፣ እስቲ አንድ ተረት ይንገሩኝ» ቢላቸው፣ «ኧረ ልጄ፣ እኔ ምን አውቄ» ከማለት በቀር ምንም አያገኝም። በብዙ አካባቢ ተረት በቀን መንገር አይወደድም፤ ማታ፣ ሥራ ሲያልቅ፣ እሳት ዳር ነው ወጉ። ስለዚህ ቀን ከሄዱ ቡና እየተፈላ ሌላውን ወግ ማዳመጥ፣ ማታ መመለስ፣ መጀመሪያ ራስ አንድ ተረት መንገር። ያኔ «አይ፣ እሱማ እንዲህ አይደለም» ይሉና ትክክለኛውን ይጀምሩታል። የተሳሳተ ተረት መናገር የተደበቀውን ተረት ያወጣዋል። ይህ ዘዴ ከየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሳይጠበቅ ይሠራል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ የማይወራለት ነገር አለ፤ ተረቱ የማን ነው? በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ጃክ ስለሚባል ድሃና ብልህ ልጅ የሚነገሩ ተረቶች አሉ፤ ቅድመ አያቶቻቸው ከብሪታንያ ይዘዋቸው የመጡ ናቸው። ሪቻርድ ቼዝ የተባሉ ሰው እነዚህን ከተራራው ቤተሰቦች ሰብስበው በ1943 መጽሐፍ አወጡ። መጽሐፉ ተወደደ፤ ተረቶቹም አገር አወቃቸው። ነገር ግን ቼዝ የአንዱን ሰው አነጋገር ከሌላው ጋር አቀላቅለው፣ በራሳቸው ብዕር አስተካክለው ስላቀረቡት የሥነ ቃል ምሁራን ብዙ ወቅሰዋቸዋል። ከነዚያ ቤተሰቦች የተወለዱት ሬይ ሂክስ (ከ1922 እስከ 2003) ከአያታቸው የሰሙትን ጃክ እርሻቸውን እያረሱና ከጫካ ዕፀዋት እየለቀሙ ሲያወጉ ኖሩ። በጆንስቦሮ በዓል ከመነሻው ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የተወደዱ ተራኪ ነበሩ፤ በ1983 የአገሪቱን የባህል ቅርስ ሽልማት አገኙ። ዲግሪ የሚባል አልነበራቸውም። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ናቸው እሳቸውን ለመስማት የሚመጡት።

ይህ የትምህርቱ ተቃዋሚዎች ዋና ማስረጃ ነው፤ እኛም አቅልለን አናየውም። ጥበብ ወደ ክፍል ሲገባ ማርኩን እያሰበ ይናገራል። ሁሉም በአንድ መምህር እጅ ሲወጣ ሁሉም በአንድ ቦታ ዝም ይላል፣ በአንድ ቦታ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ በአንድ ቦታ እጁን ያነሣል። እንዲህ ያለው አነጋገር ሲሰሙት ያምራል፤ ቤት ሲገቡ ግን ምኑም አይታወስም። የሬይ ሂክስ ዓይነት ሰው በዲግሪ አይሠራም። ነገር ግን ጥያቄውን ገልብጠን እንየው፤ እንዲህ ያለ አያት ያልነበረው ልጅስ? ከተማ ተወልዶ፣ ማታ ማታ ከቴሌቪዥንና ከስልክ ጋር ያደገው፣ ነገ መምህር የሚሆነው? በእኛ ክፍል እንኳ አንድ ተረት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መናገር የማይችሉ ብዙ ናቸው። ለእነሱ ትምህርቱ የአያትን ቦታ አይተካም፤ ወደ አያት የሚወስደውን መንገድ ግን ያሳያል።

ይህ ባዶ ተስፋ እንዳልሆነ ከታይላንድ እንረዳለን። በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ኢሳን የሚባለው ሕዝብ ከላኦ ጋር የሚዛመድ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ትምህርት ቤት ግን የሚሠራው በማዕከላዊው የታይ ቋንቋ ስለሆነ ልጆቹ በቤታቸው ቋንቋ ማፈር ጀምረው ነበር። በማሃሳራካም ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ዋጁፓ ቶሳ በ1990ዎቹ ዓመታት ከአሜሪካዊቷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያና የሥነ ቃል ዶክተር ማርጋሬት ሪድ ማክዶናልድ ጋር ሆነው ተማሪዎቻቸውን ተራኪ አድርገው አሠለጠኑ። ተማሪዎቹ በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ የአገሩን ተረት በአገሩ ቋንቋ ተናገሩ። አስቡት፤ ልጁ ሲያፍርበት የኖረውን ቋንቋ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ሰው በክፍሉ ፊት ሲናገረው! በእኛም አገር ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ተወስኗል። የማስተማሪያ መጽሐፍ ቢዘገይም ተረቱ ቀድሞ እዚያው አለ።

በአገራችንስ እንዲህ ያለ ትምህርት አለ ወይ? ተቀራራቢው አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፎክሎር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን ሲያስመርቅ ቆይቷል፤ ከመምህራኑ አንዱ የነበሩት ፈቃደ አዘዘም «የሥነ ቃል መምሪያ»ን በ1991 ዓ.ም. አሳትመዋል። ልዩነቱን ግን ማወቅ ያሻል። የፎክሎር ተማሪ ተረቱን ይሰበስባል፣ ይመድባል፣ ይተነትናል፤ የመመረቂያ ጽሑፉን አስገብቶ ይመረቃል። የተረት ነገራ ተማሪ ይህንም ያደርግና በተጨማሪ ተነሥቶ ይናገራል፤ ፊቱ ያሉት ሰዎች ያዛጉ እንደሆነ ያኔውኑ ይታወቅበታል። ለመምህር የሚያስፈልገው ሁለቱም ይመስለናል። መናገሩን ብቻ በተመለከተማ አባባ ተስፋዬ ሳህሉ (በ2009 ዓ.ም. ያረፉት) ከቴአትር መድረክ መጥተው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለሕፃናት ተረት ሲናገሩ፣ ዲግሪህ የት አለ ያላቸው ልጅ አልነበረም።

ወጪውንና እንጀራውን በተመለከተ ግልጹን እንናገር። ውጭ አገር ሄዶ ሁለት ዓመት መማር ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ «ተራኪ ይፈለጋል» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። ከተመራቂዎቹ በተረት ብቻ ኑሮውን የሚገፋው ጥቂቱ ነው፤ የሚበዛው ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ሙዚየም፣ ወደ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል በያዘው ሙያ ላይ ጨምሮ ይገባል። ስለዚህ መምህር የሆነ ሰው ዕድሉን ቢያገኝ አይጸጸትም እንላለን፤ ሙያ የሌለው ሰው ግን በዚህ ዲግሪ ብቻ ሙያ አገኛለሁ ብሎ ቤቱን ሸጦ አይሂድ።

ሳይሄዱ ሊሠራ የሚችለው ደግሞ ቅርብ ነው። ለእረፍት ወደየአገራችን ስንበተን እያንዳንዳችን አንዳንድ ተረት ይዘን እንድንመለስ የዝግጅት ክፍሉ ያሳስባል። ሲጽፉ የተናጋሪውን ስም፣ የሰሙበትን ቦታና ቀን፣ እሳቸውም ከማን እንደሰሙት ከላይ ያስቀምጡ፤ ስማቸው እንዲወጣ ይፈቅዱ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ካልፈቀዱ የአካባቢውን ስም ብቻ ይጻፉ። ቋንቋው የሰሙበት ይሁን፤ ወደ አማርኛ የመለሱት ካለ ሁለቱንም ያምጡ። የተናጋሪውን አነጋገር አያሳምሩ፤ «እንግዲህ ልጄ» ካሉ «እንግዲህ ልጄ» ብለው ይጻፉ። በዚህ ግድግዳ የቀኙ ሰሌዳ ለዚሁ ተለቅቋል። ጽሑፎቹን ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው የጋዜጣው ሣጥን ውስጥ ማስገባት ይቻላል። በመጀመሪያው ሳምንት ከገቡት ሦስቱ ዓርብ ማታ በመመገቢያ አዳራሹ በራሳቸው በሰብሳቢዎቹ አፍ፣ ያለ ወረቀት ይነገራሉ።